በሞቴ አትሂድ

ሥራዬ የቤት ኢንተርኔት መጠገን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መሰላል ተሸክሜ ያልገባሁበት ሰፈር ጥቂት ነው። ጠዋት ስልኬ ላይ የሚደርሰኝ መልእክት አጭር ነው፤ «መስመር የለም»፣ «ይቆራረጣል»፣ «ሞደም አይበራም»። በሩ ሲከፈት ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ጉዳይ ይጠብቀኛል።

አንዲት እናት ሞደሙን ቡፌ ውስጥ አስገብተው፣ በዳንቴል ሸፍነው፣ በላዩ የሸክላ ድመት አስቀምጠውበት አገኘሁ። ዳንቴሉን ሳነሣው ዕቃው እጅ ያቃጥላል፤ የአየር ቀዳዳዎቹ በአቧራና በክር ተደፍነዋል። እሳቸው የፈለጉት ቡፌው ተቆልፎ እንዲሠራላቸው ነበር። «ይተንፍስ እንጂ እማማ» አልኳቸው። ብዙ ተነጋግረን ሞደሙ ቡፌው ላይ ወጣ፣ ዳንቴሉም ከሥሩ ተነጠፈለት።

አንድ ሰውዬ ደግሞ ጓሮ ወስዶኝ በሹክሹክታ፣ ሚስቱ ለማን ምን እንደምትጽፍ እንዳሳየው ጠየቀኝ። ሞደም የገባበትን ስልክ ስም ቢያሳይ እንጂ የተጻፈውን ቃል አያነብም፤ ይህን ነገርኩት። ቢያነብም ኖሮ እጄን አልሰጠውም ነበር፤ ይህንንም ነገርኩት።

ለቅሶ ቤትም ተጠርቼ አውቃለሁ። ዋሽንግተን ያለው የሟች ልጅ ለቀብር መድረስ አልቻለም፤ «ድንኳኑ ውስጥ ዋይፋይ አግባልን፣ ቢያንስ ይየን» አሉኝ። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ሞገዱን አላሳልፍ ስላለ 30 ሜትር ገመድ በመስኮት አውጥቼ ሞደሙን ድንኳኑ ምሰሶ ላይ አሰርኩት። ሸራ ሞገድ አይከለክልም። ልጁ ከባሕር ማዶ ሲያለቅስ ድንኳኑ በሙሉ አብሮት አለቀሰ።

ልነግራችሁ የተነሣሁት ግን የሐምሌ 29 ቀን 2012ን ነው።

ረቡዕ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት ክረምትን አይወድም፤ ውሃ ቅጥያው ውስጥ ከገባ መዳቡ ይዝጋል፣ መስመሩ ይንጫጫል፣ ሞደሙም ከጣቢያው ጋር መግባባት ያቅተዋል። ያን ቀን ከያዝኳቸው ቤቶች አንዱ ሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ያለ የጭቃ ቤት ነበር። መልእክቱ «ይቆራረጣል» ይላል።

የቤቱ ባለቤት እማማ ነጠላቸውን አገልድመው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ዓይናቸው እንቅልፍ አላየም። ውስጥ ቴሌቪዥኑ ያንኑ ጭስ ደጋግሞ ያሳያል። ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ቤይሩት ወደብ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ተከማችቶ የኖረ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቷል። ከ200 በላይ ሰው የሞተበት አደጋ ነው። የእማማ ልጅ የምትሠራው አሽራፊዬ ነው፤ ከወደቡ ብዙ የማይርቅ ሰፈር።

ያ ክረምት እንዲያውም ለእናቶች ክፉ ነበር። በሰኔ፣ አሠሪዎቻቸው ቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው የሄዱ እህቶቻችንን አየን። ከሰኔ 23 ጀምሮ ደግሞ እዚህ አገራችን በሙሉ ኢንተርኔት ተቋርጦበት ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። እማማ የልጃቸውን ፊት መልሰው ካዩ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላቸውም።

«ልጄ፣ ይቺን መብራት እንደ ምንም አድርገህ አቁምልኝ» አሉኝ። የሞደሙ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ጸንታ ስትበራ ልጃቸው በስልካቸው እንደምትመጣ ያውቃሉ።

መሰላሉን አስደግፌ ወጣሁ። ቅጥያው ልክ ከአሸንዳው ቀዳዳ ሥር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብበት አድሯል። ናስትሮውን ስፈታው የቆሸሸ ውሃ ወረደ፤ መዳቡ አረንጓዴ ለብሷል፣ አንደኛው ሽቦ ፀጉር በምታህል ቀጭን ክር ብቻ ተይዟል። የበሰበሰውን ቆርጬ ጣልኩ፣ እስኪያብረቀርቅ ፋቅሁት፣ አጥብቄ ቀጠልኩና ከጠብታው አርቄ ቸነከርኩት። ስወርድ መብራቷ ጸንታለች።

ሥራዬ አለቀ። ሦስት ቤት ይጠብቀኛል። መሰላሉን ሳነሣ እማማ ክንዴን ያዙ፦

«በሞቴ አትሂድ። እስክትደውል ቁጭ በልልኝ። ድንገት ብትጠፋብኝ ማን ያበራልኛል?»

በሥራ ትእዛዜ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም። ተቀመጥኩ። ለሦስቱም ቤቶች ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ።

በስልክ ቁጥሯ ብንሞክር አይጠራም። እማማ ፊደል አልቆጠሩምና በኢንተርኔት የሚደዋወሉበትን ኢሞ ከፈትኩላቸው። በድምፅ ላኩ፦ «እናትሽ ነኝ። አንድ ቃል ብቻ በይኝ።» አልደረሰም። ጥቂት ቆይተው ደግመው ላኩ። በየመሐሉ ዓይናቸው ወደ ሞደሙ ይሄዳል፤ የእኔም አብሮ ይሄዳል። ዝናቡ እንደገና ጣሪያውን መታ፤ ወጥቼ ቅጥያዬን አየሁት፣ ደረቅ ነው። ከእሳት ላይ የረሱት ሽሮ አረረ፤ ማናችንም አልተነሣንለትም።

10 ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ ጮኸ።

ግንባሯ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሯል። ከኋላዋ ያለው መስኮት መስታወት የለውም። «እማ!» አለች። እማማ አላለቀሱም። «ተነሺ» አሏት። «ቁሚ። እጅሽን አሳዪኝ። ያኛውንም። ዙሪ። እግርሽን።» ልጅቱ ስልኩን አንድ ቦታ አስደግፋ ተነሣች፣ እጇን ዘረጋች፣ ዞረች፣ የተሰባበረው መስታወት መሐል በነጠላ ጫማ ቆማ እግሯን አሳየች። እማማ ጣቶቿን ሲቆጥሩ ሰማኋቸው።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማ፣ አጠገብሽ ያለው ማነው?»

«የመስመሩ ልጅ ነው» አሉ እማማ። «ጠዋት የመጣ ነው። ምሳውን እንኳ አልበላም።»