የስትሮከር ሞተር ክራንክሻፍት

ስትሮከር ሞተር ፒስተኑ በሲሊንደር ውስጥ የሚመላለስበት ርቀት ከፋብሪካው ልክ እንዲረዝም ተደርጎ ይዘቱ የጨመረ ሞተር ነው። ይህ ርቀት የፒስተን ጉዞ ወይም ስትሮክ ይባላል። ርዝመቱን የሚወስነው የፒስተኖችን ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ ወደ ዙር የሚለውጠው ክራንክሻፍት ነው። ስለዚህ ስትሮከር መሥራት በመጀመሪያ ክራንክሻፍት መምረጥ ማለት ነው። ከፍተኛ ጉልበት በሚያወጡ የቱርቦ ሞተሮች ላይ ምርጫው ይበልጥ ይከብዳል፤ ጉልበት የሚጨምረው የጉዞ መርዘም ራሱ ዘንጉን ያሳሳዋልና። ክራንክሻፍት ሲሰበር ብዙ ጊዜ ቢየላውን፣ ፒስተኑንና የሞተሩን ብሎክ ጭምር ያበላሻል።

ክፍሎቹ

ክራንክሻፍት በብሎኩ ላይ የሚያርፈው ዋና አንገት በሚባሉት ክብ ክፍሎቹ ነው። ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ቢየላ ደግሞ ከመሐል ወጣ ብለው በተሠሩት የቢየላ አንገቶች ላይ ይታሰራል። ሁለቱን ዓይነት አንገቶች የሚያያይዘው ክፍል ክንድ ይባላል። በክንዶቹ ትይዩ የሚገኙት ሚዛን ክብደቶች የቢየላውንና የፒስተኑን ክብደት ያካክሳሉ። የፒስተን ጉዞ የቢየላ አንገት ከዘንጉ መሐል ካለው ርቀት እጥፍ ነው። የቢየላ አንገቱ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ቢወጣ ጉዞው 8 ሚሊ ሜትር ይረዝማል።

የረጅም ጉዞ ጥቅምና ዋጋ

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የቶዮታ 2ጄዜድ-ጂቲኢ ሞተር ነው። ሞተሩ ከ1991 ጀምሮ በአሪስቶ፣ ከ1993 ጀምሮ ደግሞ በሱፕራ መኪና ላይ የተገጠመ ባለ 6 ሲሊንደር የቱርቦ ሞተር ነው። የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስተኑ ጉዞ እኩል 86 ሚሊ ሜትር ናቸው። ለዚህ ሞተር ከሚሠሩት የስትሮከር ክራንክሻፍቶች አንዱ የታወቀ ልክ 94 ሚሊ ሜትር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት፣ 142 ሚሊ ሜትር የሆነው የቢየላ ርዝመትና የአንገቶቹ ውፍረት ሳይለወጡ ሁለቱ ሲነጻጸሩ እንዲህ ይሆናሉ፦

| | የፋብሪካው | ስትሮከር |
|---|---|---|
| የፒስተን ጉዞ | 86 ሚሊ ሜትር | 94 ሚሊ ሜትር |
| የሞተሩ ይዘት | 2,997 ሲሲ | 3,276 ሲሲ |
| የቢየላ ርዝመት ለጉዞ ሲካፈል | 1.65 | 1.51 |
| የአንገቶች መደራረብ | 14 ሚሊ ሜትር | 10 ሚሊ ሜትር |
| አማካይ የፒስተን ፍጥነት በደቂቃ 7,500 ዙር | በሰከንድ 21.5 ሜትር | በሰከንድ 23.5 ሜትር |

ጥቅሙ በይዘቱ ላይ ይታያል። ሞተሩ 9 በመቶ ያህል ተጨማሪ አየር ስለሚወስድ የሚወጣው ጭስም ይበዛል፤ ቱርቦውም በዝቅተኛ ዙር ቀድሞ ይነሣል። ትልቅ ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር በዝቅተኛ ዙር ላይ የሚያሳየው መዘግየትም ይቀንሳል።

ዋጋው በቀሩት መስመሮች ላይ ነው። መደራረብ ማለት ዋናው አንገትና የቢየላ አንገት ከዘንጉ ጫፍ ሲታዩ አንዱ ሌላውን የሚሸፍንበት መጠን ነው። በዚህ ሞተር ዋናው አንገት 62፣ የቢየላ አንገቱ ደግሞ 52 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው። የሁለቱ ግማሾች ሲደመሩ 57 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ ከዚህ ላይ የጉዞው ግማሽ 43 ሲቀነስ 14 ይቀራል። ጉዞው 94 ሲሆን የሚቀረው 10 ብቻ ነው። መደራረቡ ባነሰ ቁጥር ክንዱ ለመታጠፍና ለመጠምዘዝ ይበልጥ ይጋለጣል። የፋብሪካው ሞተር በ7,500 ዙር የሚኖረውን የፒስተን ፍጥነት ላለማለፍ ስትሮከሩ በ6,860 ዙር ገደማ መወሰን አለበት።

በዘንጉ ላይ የሚያርፉ ጭነቶች

በክራንክሻፍት ላይ ሁለት ዋና ጭነቶች ያርፋሉ። አንደኛው ነዳጅና አየር ሲቃጠሉ ፒስተኑን ወደ ታች የሚገፋው ግፊት ሲሆን የቱርቦው ግፊት በጨመረ ቁጥር ያድጋል። ሁለተኛው ፒስተኑና ቢየላው አቅጣጫ በሚለውጡበት ጊዜ ከክብደታቸው የሚመጣው ኃይል ነው። ይህ ኃይል ከዙሩ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ ዙር በእጥፍ ሲጨምር እርሱ 4 እጥፍ ይሆናል። ከላይ ባለው ምሳሌ ጉዞው ወደ 94 ሲረዝም፣ ፒስተኑ ያው ክብደት ቢኖረውና ዙሩ ባይለወጥ እንኳ፣ ከፍተኛው ኃይል 12 በመቶ ያህል ይጨምራል።

ስለዚህ የፈረስ ጉልበት ብቻውን ለምርጫ አይበቃም። 1,000 የፈረስ ጉልበት በ8,000 ዙር ለማውጣት 890 ኒውተን ሜትር የሚያህል የመጠምዘዝ ኃይል ያስፈልጋል። ያው ጉልበት በ6,000 ዙር ሲወጣ ግን የሚያስፈልገው 1,187 ኒውተን ሜትር ነው። የመጀመሪያው ሞተር ዘንጉን በዙር፣ ሁለተኛው ደግሞ በግፊትና በመጠምዘዝ ይፈትነዋል።

የብረቱ ዓይነትና አሠራር

ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ በማፍሰስ የሚሠራ ክራንክሻፍት ርካሽ ሲሆን ለተራ መኪና ይበቃል። ለከፍተኛ የቱርቦ ግፊት ግን እምብዛም አይመረጥም። ግሎ በመቀጥቀጥ የሚሠራው የብረቱ ውስጣዊ አሰላለፍ የዘንጉን ቅርጽ ተከትሎ ስለሚሄድ ተደጋጋሚ ጭነትን በተሻለ ይቋቋማል። ሦስተኛው ዓይነት ከአንድ ወጥ የብረት ግንድ በማሽን ተቀርጾ ይወጣል። ዋጋው ከፍተኛ ቢሆንም ፋብሪካ ባልሠራው የጉዞ ልክና የሚዛን ክብደት ቅርጽ ለማዘዝ ያመቻል።

ለዚህ ሥራ በብዛት የሚጠቀሰው 4340 የተባለው ብረት ኒኬል፣ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀሉበት ነው። ይሁን እንጂ የብረቱ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ብረቱ በሙቀት የታከመበትና በማሽን የተስተካከለበት መንገድም እኩል ይወስናል።

ስንጥቅና የወለል ሕክምና

አብዛኛው ክራንክሻፍት የሚሰበረው በአንድ ጊዜ ጭነት ሳይሆን በብረት ድካም ነው። ትንሽ ስንጥቅ ተነሥቶ በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት በጥቂት ያድጋል። የሚነሣውም አብዛኛውን ጊዜ አንገቱ ከክንዱ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ወይም በዘይት ቀዳዳ አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ማዕዘኑ ሰፊና ልሙጥ ክብነት ሊኖረው፣ የቀዳዳውም አፍ ስለቱ ሊነሣለት ይገባል።

ናይትራይዲንግ የሚባለው ሕክምና በሙቀት ናይትሮጅንን ወደ ብረቱ ወለል በማስገባት ወለሉን ያጠነክራል። መፋቅንና የስንጥቅ መነሣትንም ይቀንሳል። የጠነከረው ንብርብር ቀጭን ስለሆነ አንገቱ በኋላ በመሞረጃ ሲስተካከል ሊነሣ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ሕክምናው መደገም ይኖርበታል። ያገለገለ ክራንክሻፍት ለዓይን ደህና ቢመስልም በማግኔት ምርመራ ስንጥቅ እንደሌለበት ሳይረጋገጥ አይገጠምም።

ሚዛንና ንዝረት

በመስመር የተደረደረ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር በተፈጥሮው ሚዛኑን የጠበቀ ነው። ነገር ግን ዘንጉ ረጅም በመሆኑ በእያንዳንዱ የቃጠሎ ምት በጥቂቱ ይጠመዘዝና ይመለሳል። ይህ ንዝረት ከዘንጉ የራሱ የንዝረት ልክ ጋር ከተገጣጠመ እጅግ ይጎላል። ከፊት የሚገኘው ባለ ጎማ ወይም ባለ ፈሳሽ ንዝረት ማብረጃ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ክብደት ለመቀነስ ተብሎ በድፍን ፑሊ መተካቱ ጉዳት ያመጣል። ሚዛን ክብደቶችን ያለ ልክ መቀነስም ሞተሩን ቶሎ እንዲዞር ቢያደርግም በዋናዎቹ አንገቶች ላይ የሚያርፈውን ጭነት ይጨምራል።

ከብሎኩ ጋር ማጣጣም

ጉዞው በ8 ሚሊ ሜትር ሲረዝም ፒስተኑ 4 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ቢየላው ካልተለወጠ የፒስተኑ ፒን በዚያው ልክ ወደ ላይ ተጠግቶ የተሠራ ፒስተን ያስፈልጋል። ከመገጣጠሙ በፊት የሚከተሉት ይታያሉ፦

* የቢየላው ብሎኖች ከብሎኩ ግድግዳ ጋር እንዳይነካኩ
* ሚዛን ክብደቶች ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ የታችኛውን ጫፉን እንዳይነኩ
* ፒስተኑን ከታች በዘይት የሚያቀዘቅዙት መርጫዎች በቂ ክፍተት እንዲኖራቸው
* በአንገቱና በብሮንዚናው መካከል ለዘይት የሚተወው ክፍተት እንዲለካ

ለመጨረሻው የተለመደው መነሻ ለአንገቱ ውፍረት አንድ ሺህኛ ነው፤ ለ62 ሚሊ ሜትር አንገት 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ምርጫው

የ2ጄዜድ-ጂቲኢ የፋብሪካ ክራንክሻፍት ተቀጥቅጦ የተሠራ ሲሆን ከመነሻው ከእጥፍ በላይ ጉልበት በሚያወጡ ሞተሮች ላይም ሳይለወጥ ያገለግላል። ከፍተኛ ዙር ለሚፈለግበትና ቱርቦው ዘግይቶ ቢነሣ ለማይገደው ሞተር፣ የተመረመረና ሚዛኑ የተስተካከለ የፋብሪካ ዘንግ ከረጅም ጉዞ ይልቅ ተገቢ ሊሆን ይችላል። በመካከለኛ ዙር ብዙ ጉልበት ለሚፈለግበት ሞተር ግን ስትሮከር ይመረጣል፤ የዙሩ ጣሪያም አብሮ ዝቅ ይላል። በሁለቱም መንገድ የሚታሰበውን ዙርና የመጠምዘዝ ኃይል መወሰን ይቀድማል፤ የጉዞው ርዝመት፣ ብረቱና ሕክምናው ከዚያ በኋላ ይመረጣሉ።