ሐኪም መሆን ያልቻለችው ማርጆሪ

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ ሕክምና አልደረሰኝም። ባዮሎጂ ነው የደረሰኝ። አለቀልኝ በቃ» ትላለች። «አይዞሽ» ብዬ ብቻ ማለፍ አልሆነልኝም። ስለዚህ ለእሷም ለእናንተም የአንዲት እንግሊዛዊት ባዮኬሚስት ታሪክ ላውጋችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ማርጆሪ ስቲቨንሰን ትባላለች። በ1885 ካምብሪጅ አጠገብ በርዌል በምትባል መንደር ተወለደች። በ1903 ኒውንሃም የሚባለው የሴቶች ኮሌጅ ገባች። ያኔ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪና የዙኦሎጂ ላቦራቶሪዎች ለሴቶች ዝግ ነበሩ፤ ሴቶቹ ሙከራ የሚሠሩት በራሳቸው ኮሌጆች ላቦራቶሪ ነው። በ1906 ትምህርቷን ስትጨርስ ሐሳቧ ሐኪም መሆን ነበር። ገንዘቡ ግን ከየት ይምጣ? የቤት አያያዝ አስተማሪ ሆነች።

በ1911 ሮበርት ፕሊመር የተባለ ባዮኬሚስት ለንደን ወዳለው ላቦራቶሪ ጠራትና ምርምር ጀመረች። ብዙም ሳትቆይ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ሥራዋን ትታ በቀይ መስቀል ስር በፈረንሳይና በሳሎኒካ አገለገለች። ካምብሪጅ ተመልሳ ከፍሬድሪክ ጎውላንድ ሆፕኪንስ ጋር መሥራት የጀመረችው በ1919፣ በ34 ዓመቷ ነው።

እንግዲህ ዋናው ታሪክ እዚህ ላይ ነው። ያኔ ባክቴሪያ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው በሽታን ነበር። ማርጆሪ ግን ጥያቄውን ገለበጠችው፤ ባክቴሪያው ራሱ እንዴት ይኖራል? ምን ይመገባል? ጉልበቱን ከየት ያገኛል? ሊጥ ሲቦካ አረፋ የሚያወጣው ውስጡ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ስለሚመገቡ ነው ብዬ ያስተማርኳችሁን አስታውሱ። እሷ የፈለገችው ያንን ሥራ የሚሠሩትን ኤንዛይሞች አንድ በአንድ ማወቅ ነው።

በ1931 ከሊዮናርድ ስቲክላንድ ጋር ሆና ባክቴሪያዎችን አጥባ ከሃይድሮጂን ጋዝ ጋር አገናኘቻቸው። ባክቴሪያዎቹ ሃይድሮጂኑን ተጠቅመው ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ቀለም ሰማያዊነቱን አጠፉት። ይህን የሚያደርገውን ኤንዛይም ሃይድሮጂኔዝ አሉት። ዛሬም መጠሪያው ይኸው ነው።

ሌላም አገኙ። ፎርሜት የሚባል ንጥረ ነገር ባለበት ያደጉ ባክቴሪያዎች ፎርሜትን የሚሰባብር ኤንዛይም ይሠራሉ፤ በሌለበት ያደጉት አይሠሩም። ማለትም ሕዋሱ መሣሪያውን የሚያዘጋጀው ሥራው ሲመጣ ነው! እንዴት አወቀ? የዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ ያገኘው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ኤንዛይም የሚሠራበትን የጂን ቁጥጥር ያሳዩት ፈረንሳዮቹ ዣኮብና ሞኖ በ1965 ኖቤል ተሸለሙ።

ኑሮዋስ? እስከ 1929 ድረስ የምትሠራው በየዓመቱ በሚታደስ ድጎማ ነበር። ቋሚ ስትሆን 44 ዓመቷ ነው። በ1930 «ባክቴሪያል ሜታቦሊዝም» የተባለውን መጽሐፏን አሳተመች፤ የዘርፉ መማሪያ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ሌክቸረር ያደረጋት ግን በ1943፣ በ58 ዓመቷ ነው! በ1945 እሷና ካትሊን ሎንስዴል የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነው የተመረጡ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ሆኑ። ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 ሲሆን እሷም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር (ዲሴምበር) በካንሰር አረፈች።

«በር ቢዘጋም ሌላ ይከፈታል» ልላችሁ አይደለም። በሩ የተዘጋባት ያለ ጥፋቷ ነው፤ ያ ሁሉ የባከነ ዓመትም ጉዳት እንጂ በረከት አይደለም። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ማርጆሪ ባክቴሪያን ያጠናችው ሐኪም መሆን ስላቃታት እንደ ማካካሻ አይደለም። ጥያቄው በራሱ ዕድሜ የሚሰጡለት ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ያቺን ተማሪዬን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ «ዶክተሯ» እያልኩ የጠራኋት እኔው ነኝ። ጎበዝ ተማሪ ባየሁ ቁጥር እንደዚያ ነው የምለው። ባዮሎጂ እያስተማርኩ፣ ባዮሎጂ ማለት ሕክምና ላልደረሰው የሚሰጥ ትርፍራፊ ነው ብዬ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ ማለት ነው።

ይቅርታ ልጄ። አላለቀልሽም። ግቢና የመጀመሪያውን የላቦራቶሪ ቀንሽን ጻፊልኝ።