ቀጪው ፍራንክ እና የኛው ከበበ

ከፐኒሸሮች ሁሉ ማን ይበልጣል ብትሉን ጆን በርንታል ነው፤ ክርክሩ እዚሁ ይዘጋ! ዶልፍ ሉንድግሬን እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሠራው የራስ ቅሉን ምልክት ደረቱ ላይ እንኳ አላደረገም። ቶማስ ጄን (2004) ሐዘኑን፣ ሬይ ስቲቨንሰን (2008) ጭካኔውን ይዘውለታል። በርንታል ግን በ2016 "ዴርዴቪል" ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ መቃብር ተደግፎ ስለ ሴት ልጁ ሲያወራ፣ ከታቦር ግርጌ ፍላሽ እየተቀባበልን ያየን ልጆች ሁሉ የገደላቸውን ሰዎች ረሳንለት። ነገሩም እዚህ ላይ ነው። ለምን ረሳንለት?

ፍራንክ ካስል በስፓይደርማን ኮሚክ 129ኛ ቁጥር ላይ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በዚያው ዓመት ቻርልስ ብሮንሰን "ዴዝ ዊሽ" በተባለው ፊልም ማታ ማታ እየወጣ የኒውዮርክን ወንበዴ በሽጉጥ ይለቅም ጀመር። ተመልካቹ አጨበጨበ። የመጽሐፉ ደራሲ ብራያን ጋርፊልድ ግን ፊልሙ ገዳዩን ጀግና አድርጎብኛል ብሎ ተናደደ፤ በዓመቱም መልስ የሚሆን ሌላ ልቦለድ ጻፈ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በዚያው 1974፣ የንጉሡ ዙፋን በሚናጋበት ጊዜ፣ የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ ከአሜሪካ ትምህርት ቤቱ መጥቶ በሁለት ሳምንት ገደማ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"ን ቀረጸ። ባለሙያ ተዋናይ የለም፤ ቀለም የለም። አንድ ጭሰኛ ቤተሰብ አለ፣ ሱፍ ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሳደብ ባለርስት አለ፣ እና ከበበ አለ። ከበበ ለአገሩ የተዋጋ፣ መሬቱን የተነጠቀ፣ መንደሩ "እብድ" የሚለው ሰው ነው። የጭሰኛው ሴት ልጅ ጎርፍ የወሰዳትን ላም አድናለሁ ብላ ትሞታለች። መጨረሻ ላይ ከበበ ባለርስቱን ቀጥቅጦ ይገድለዋል።

ፐኒሸርን ለለመደ ዓይን ይህ ግድያ ያሳፍራል ማለት ይቻላል። የሚያምር ምት የለበትም፣ ሙዚቃ አያጅበውም፣ ዝግጅትም የለም። ለኛ ግን ከበርንታል ውጊያዎች ሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው። ፍራንክ የሚገባው ሕግ ያልደረሰበት ቦታ ነው፤ ፖሊሱ ሰነፍ፣ ዳኛው ጉቦኛ ስለሆነ። ከበበ ዘንድ ግን ሕጉ በደንብ ደርሷል፤ ችግሩ የባለርስቱ ሕግ መሆኑ ነው። የሚከሰስበት ቦታ ስለሌለ እብድ ይባላል። (የኃይሌ አባት ገሪማ ታፈረ የአርበኞችን ታሪክ "ጎንደሬ በጋሻው" ብለው የጻፉ ሰው ናቸው፤ ተዋግቶ የተረሳ ሰው ለልጁ እንግዳ አይደለም።)

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወጣና መሬት ከባለርስቱ ተወሰደ። ፊልሙ ሕዝብ ፊት ሲቀርብ ከበበ የገደለው ዓይነት ሰው በሕግ ቀርቷል። ደስ ይላል አይደል? ችግሩ ከአዋጁ ሦስት ወር በፊት፣ ኅዳር 14፣ ደርግ ወደ ስልሳ የሚጠጉ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ቤት ረሽኗል። ያኔ ያጨበጨበ ብዙ ነው። እጁ ወደ አጨብጫቢው ሲዞር ግን ጥቂት ዓመት አልፈጀበትም።

ደግሞ ሩቅ አንሂድ። ነሐሴ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. ከኛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ሻሸመኔ፣ ቦምብ ይዟል የተባለ ሰው በሕዝብ መሃል ተደብድቦ ተሰቀለ። ቦምብ አልነበረም። ቪዲዮው በየስልካችን ዞረ፤ ፐኒሸርን በተቀባበልንበት እጅ ተቀባበልነው። እዚያ ከነበሩት ብዙዎቹ ራሳቸውን ቀጪ እንጂ ገዳይ አድርገው እንዳላዩ እንገምታለን። ፍራንክ ካስል ግን በስህተት አይገድልም፤ ደራሲው ጥፋተኛውን አስቀድሞ አጣርቶ ያቀርብለታል። መንገድ ላይ እንዲህ የሚያጣራ ደራሲ የለም።

የፍራንክ ፈጣሪ ጄሪ ኮንዌይ ራሱ፣ የአሜሪካ ፖሊሶች የራስ ቅሉን ምልክት መኪናቸው ላይ ሲለጥፉ እያየ ተቃውሞውን ደጋግሞ ተናግሯል። የከበበን ምልክት የለጠፈ ሰው አላየንም፤ የሚለጠፍም የለውም።

"ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" ታድሷል። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ አብዛኛው ሥራ ነው፣ ንጋት፣ ከብት፣ እርሻ፣ ስድብ። እኛ ሦስት ቀን ከፋፍለን ነው ያየነው። ወደፊት አታሳልፉት፤ ከበበ ሲመጣ ለምን እንደሚመጣ የሚገባው ያን ሁሉ ለታገሰ ነው።