ከፊሎክሴራ በፊት፦ የወይን አመዳይና የድኝ ብናኝ



የአውሮፓን የወይን እርሻ ታሪክ የሚተርኩ መጻሕፍት ፊሎክሴራ ስለተባለችው ሥር አጥቂ ነፍሳት በሰፊው ያትታሉ፤ ከእርሷ አስቀድሞ የመጣውን የአመዳይ በሽታ ግን በአንድ አንቀጽ ያልፉታል። ይህ አመዛዘን ልክ አይመስለኝም።

በ1845 (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በእንግሊዝ አገር በማርጌት ከተማ ኤድዋርድ ተከር የተባለ አትክልተኛ በመስታወት ቤት ውስጥ በሚያሳድገው ወይን ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር አየ። ቄስም የፈንገስ ሊቅም የነበረው ማይልስ ጆሴፍ በርክሌይ በ1847 ፈንገሱን በአትክልተኛው ስም ኦይዲየም ተከሪ ብሎ ሰየመው። ዛሬ ኤሪሲፌ ኔካቶር ይባላል፤ መነሻውም ሰሜን አሜሪካ ነው። በርክሌይ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የድንችን በሽታ የሚያመጣው ፈንገስ ነው ብሎ ሲከራከር፣ ብዙዎቹ ሊቃውንት ፈንገሱን የብስባሴ ውጤት እንጂ መንሥኤ አድርገው አያዩትም ነበር።

በወይኑ በኩል መድኃኒቱ ከክርክሩ ቀደመ። ተከር ራሱ ድኝና ኖራ በውሃ በጥብጦ ይረጭ ነበር። ለምን እንደሠራ ዛሬ እናውቃለን፦ የዚህ ፈንገስ አካል በአብዛኛው በቅጠሉና በፍሬው ገጽ ላይ የተዘረጋ ነው፤ ወደ ተክሉ ሕዋስ የሚዘልቀው መመገቢያው ብቻ ስለሆነ ድኙ በቀላሉ ያገኘዋል። ያልታከመ ፍሬ ግን ቆዳው መለጠጥ ሲያቅተው ይሰነጠቃል።

በሽታው ማዴይራን በ1852 አራቆተ። የፈረንሳይ የወይን ጠጅ ምርት በ1854 ወደ 11 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር ወረደ፤ ይህም በ1840ዎቹ መጨረሻ ከነበረው ሩብ ያህል እንኳ አይሞላም። የሞንፔሊዬው አንሪ ማሬስ ደረቅ የድኝ ዱቄት በተክሉ ላይ መንፋት እንደሚበቃ በሙከራ አሳየ፤ ምርቱም በጥቂት ዓመታት አገገመ።

የእኔ ክርክር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ድኝ እስኪለመድ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ፣ አንዳንዶች አመዳዩን የሚቋቋሙ እንደ ኢዛቤላ ያሉ የአሜሪካ ወይኖችን ከነሥራቸው አስመጡ። ፊሎክሴራም የገባችው በዚሁ መንገድ እንደሆነ ይታመናል። በ1868 ፕላንሾንና ጓደኞቹ በደቡብ ፈረንሳይ የሚሞቱ ወይኖችን ነቅለው ሥራቸው ላይ ነፍሳቷን ሲያገኙ፣ የአካባቢው ገበሬ ድኝ መንፋትን በሚገባ ተምሮ ነበር፤ ቅጠል ላይ የተነፋ ድኝ ግን ሥር አይደርስም።