ከዘጠነኛው ፎቅ የወጣው በሽታ

ዘመኑ 1995 ዓ.ም. ነው። የካቲት 14 ቀን አንድ የ64 ዓመት ሐኪም ከደቡብ ቻይና፣ ከጓንግዡ ከተማ ተነሥተው ሆንግ ኮንግ ገቡ። የመጡት ለዘመድ ሠርግ ነው። በአገራቸው ምንነቱ ያልታወቀ የሳምባ ምች የያዛቸውን ሰዎች ሲያክሙ ሰንብተዋል፤ እርሳቸውንም ሕመም ጀማምሯቸዋል። ሜትሮፖል በሚባል ሆቴል፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አንድ ሌሊት አደሩ። በማግሥቱ ሆስፒታል ገቡ፤ ከዚያም በሕይወት አልወጡም።

ያቺ አንዲት ሌሊት ያመጣችውን ስሙ! በዚያ ሆቴል ካረፉት እንግዶች አንዲት እናት ወደ ካናዳ፣ ወጣት ሴቶች ወደ ሲንጋፖር፣ አንድ ነጋዴ ደግሞ ወደ ቬትናም ሄዱ። ሁሉም በሽታውን ይዘውት ሄደዋል፤ አንዳቸውም አያውቁም።

ነጋዴው ሃኖይ ላይ ታመመና የፈረንሳይ ሆስፒታል በሚባለው ተኛ። ሐኪሞቹ ግራ ገባቸው። የወፍ ጉንፋን ይሆን ብለው ሰጉና የካቲት 21 ቀን የዓለም ጤና ድርጅትን ጠሩ። የመጡላቸው ዶክተር ካርሎ ኡርባኒ የተባሉ የ46 ዓመት ጣሊያናዊ ናቸው። ሙያቸው የሆድ ትላትል ነው፤ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም ብለው ሊመለሱ ይችሉ ነበር። አልተመለሱም። በየቀኑ እየሄዱ ታማሚዎቹን አዩ፣ ናሙና ወሰዱ፣ ጭምብል አድርጉ፣ ታማሚውን ለዩ እያሉ ጎተጎቱ። ነጋዴውን ያስታመሙ ነርሶችና ሐኪሞች ግን አንድ በአንድ መውደቅ ጀምረው ነበር።

የካቲት 30 ቀን ኡርባኒና ባልደረቦቻቸው ከቬትናም የጤና ባለሥልጣናት ጋር አራት ሰዓት ያህል ተነጋገሩ። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ አደገኛ ተላላፊ በሽታ ገብቷል ብሎ ማወጅ ቱሪስትንም ነጋዴንም ያስበረግጋል። ባለሥልጣናቱ ግን ሰሟቸው። ሆስፒታሉ ተዘጋ፣ የውጭ ባለሙያ ተጠራ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የማከብረው ይህን ስብሰባ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ኡርባኒ ለጉባኤ ወደ ባንኮክ በረሩ። አየር ላይ ሳሉ ትኩሳቱ ያዛቸው። አውሮፕላን ማረፊያ ሊቀበላቸው የመጣውን ባልደረባቸውን እንዳትጠጋኝ አሉት። መከላከያ ልብስ የለበሰ አምቡላንስ ሠራተኛ እስኪደርስ ሁለቱ ተራርቀው ተቀምጠው ጠበቁ። በማግሥቱ፣ መጋቢት 3 ቀን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመላው ዓለም ማስጠንቀቂያ አወጣ። ኡርባኒ መጋቢት 20 ቀን ዐረፉ፤ ሚስትና ሦስት ልጆች ነበሯቸው።

በሚያዝያ የበሽታው መንስኤ ታወቀ፤ ኮሮናቫይረስ ነው። እስከዚያ ድረስ ሐኪሞች በሰው ላይ የሚያውቋቸው ኮሮናቫይረሶች ጉንፋን ከማምጣት እምብዛም አያልፉም ነበር። ይህኛው ግን ሳምባ ድረስ ዘልቆ ይገባል፤ ሳምባው ሲያብጥ ታማሚው አየር ያጥረዋል። በሽታውም ሳርስ ተባለ። ታማሚው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገርም ጠብታ ከአፉ ይወጣል። ትልልቁ ቶሎ ይወድቃል፤ ደቃቁ ግን በተዘጋ ቤት እንደ ምድጃ ጭስ ያንዣብባል። እዚያው ሃኖይ ባክ ማይ የሚባለው ሆስፒታል ታማሚዎቹን የተቀበለው ሰፋፊ ክፍሎች ውስጥ፣ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ ነበር፤ ከሠራተኞቹ አንድም አልተያዘም።

ቬትናም 63 ሰው ታሞባት 5 ሞተባት፤ ሚያዝያ 20 ቀን ከአገሮች ሁሉ ቀድማ ከበሽታው ነጻ መሆኗ ታወጀ። ዓለም በጠቅላላ ከ8,000 በላይ ታማሚ ቆጥሮ፣ 774 ሰው ቀብሮ፣ ሰኔ 28 ቀን ሥርጭቱ ተገታ። ያውም ያለ ክትባት!

እንዴት ሆነ? የሳርስ ታማሚ አብዝቶ የሚያስተላልፈው ሕመሙ ከጠናበት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ትኩሳት ያለበትን ፈልጎ መለየት፣ ንክኪ ያላቸውንም መከታተል በቂ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. የመጣው የሥጋ ዘመዱ ኮቪድ ግን ሌላ ጠባይ ነበረው፤ ሰውየው ሕመም ሳይሰማው ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ያስተላልፋል። በር ላይ ትኩሳት መለካት ብቻውን አልያዘውም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲነገር፣ ያ በሽታ በብዙ አገሮች ሳይታይ እየተዘዋወረ ነበር።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ትኩሳትና ሳል ሲይዝህ ከሰው ራቅ በል፣ ጭምብል አድርግ፣ መስኮትህን ክፈት። ሐኪም ዘንድ ስትደርስም ከየት እንደመጣህና ከማን ጋር እንደሰነበትህ እስክትጠየቅ አትጠብቅ፤ ቀድመህ ተናገር።