ዳዋሮና ዳውሮ፦ የወላይታ ሙስሊሞችን ታሪክ ከየት እንጠይቅ?

በ749 ዓመተ ሂጅራ (1349 እ.ኤ.አ.) ያረፉት ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ «መሳሊኩል አብሷር» በተሰኘው ሰፊ ሥራቸው በሐበሻ ምድር የነበሩ ሰባት የሙስሊም ግዛቶችን ይዘረዝራሉ፤ እነርሱም ኢፋት፣ ዳዋሮ፣ አረባብኒ፣ ሐዲያ፣ ሸርኻ፣ ባሌና ዳራ ናቸው። ይህን ዝርዝር በወላይታ ሶዶ ተቀምጦ የሚያነብ መምህር ዐይኑ በሁለተኛው ስም ላይ ቢያርፍ አያስደንቅም። ከኦሞ ወንዝ ማዶ የሚገኘው ጎረቤቱ ዳውሮ ነውና። ሆኖም የአል-ዑመሪ ዳዋሮ በምሥራቅ፣ ከኢፋት በስተደቡብ፣ ወደ ሐረርጌና ወደ ባሌ አቅጣጫ የነበረ ግዛት ነው። በአንድ ፊደል የሚለያዩትን ሁለት ስሞች ማደባለቅ የአንዱን ሕዝብ ታሪክ ለሌላው መስጠት ይሆናል።

ከሰባቱ ለወላይታ ይበልጥ የምትቀርበው ሐዲያ ናት። የዚያን ዘመን ሐዲያ ከዛሬው የዞኑ ወሰን እጅግ የሰፋች ስትሆን፣ አል-ዑመሪም በፈረሰኛና በሠራዊት ብዛት ከሌሎቹ የበረታች መሆኗን ጽፈዋል። ወላይታ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ሂጅራ «አል-ኢልማም»ን የጻፉት አል-መቅሪዚም ስለ ሰባቱ ግዛቶች በአብዛኛው የአል-ዑመሪን ፈለግ ተከትለዋል።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣም የጽሑፍ ምስክር ከአንድ ወገን ያደላል። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ወላይታን ሲያስገብሩና ካዎ ጦና ቆስለው ሲማረኩ፣ ከዘመቻው ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄይም ያየውን ጽፎ አሳትሟል። ጽሑፉ ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም ከዘማቹ ሰፈር የታየ ነው። የተዘመተበት ሕዝብ ትዝታ በአመዛኙ በቃል ቀርቷል።

ይህ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። አል-ዑመሪ ራሳቸው ሐበሻን በዐይናቸው አላዩም። የጻፉትን ያገኙት ወደ ግብፅ ከሄዱት ከሸይኽ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒና ከባልንጀሮቻቸው አንደበት ነው። ዛሬ እንደ ዋና የጽሑፍ ማስረጃ የምንጠቅሰው ቃል ትናንት የአዋቂዎች ንግግር ነበር። ከመጥፋት የዳነውም ጠያቂ ስላገኘና ነጋሪው በስሙ ስለተጠቀሰ ነው።

ዛሬ ይህን የጠያቂነት ሥራ በአካባቢው ሊመራ የሚችለው በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይሁን እንጂ ምሁርና ሕዝብ ሳይነጋገሩ ሲቀሩ የሚደርሰውን ሶዶ አሳምራ ታውቃለች። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ልሳናት በማዋሐድ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጁ የመማሪያ መጻሕፍት ትምህርት ቤት ሲደርሱ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በመጨረሻም መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። አራቱ ልሳናት የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን የቋንቋ ሊቃውንት ይመሰክራሉ። ስሕተቱ የዝምድናው ዕውቀት ባለቤቱ ሳይጠየቅ ወደ ውሳኔ መለወጡ ነበር።

በወላይታ የሙስሊሙ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ይህ ትምህርት ይበልጥ ይመለከተናል። ጥቂቶች ራሳቸው ካልተናገሩ ታሪካቸው ወይ ይዘነጋል፣ ወይም በሌላ ሰው ግምት ይሞላል፤ ዳዋሮ ዳውሮ ሆኖ የሚነበበውም ያን ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ዑለማእ ለተመራማሪው የሚያበረክቱት አላቸው። የመንደር ትረካ በማዕረግ ከሐዲስ ጋር አይነጻጸርም። ነገር ግን ሰነድንና መትንን ለይቶ የመመርመር ልማድ ለታሪክ ጸሐፊም ይበጃል። አንድ አዛውንት «ይህን መስጂድ አያቴና ጓደኞቹ ሠሩት» ቢሉ፣ ቃሉን ከማን ሰሙት? ነጋሪው ሥራውን አይቷል ወይስ ሰምቷል? ከሌላ ቤተሰብ የሚደግፈው ወይም የሚቃወመው ቃል አለ? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ልዩነት ሲገኝም ሁለቱን ቃል በየባለቤቱ ስም መመዝገብ እንጂ አንዱን ለማስደሰት ሌላውን መሰረዝ አይገባም።

ቃሉን የሚያግዙ ጽሑፎችም አሉ። በቆዩ ኪታቦች ኅዳግ የባለቤት ስም፣ የልደትና የሞት ቀን ተጽፎ መገኘቱ በሀገራችን የተለመደ ነው። ይህን ለማንበብ ዐረብኛ የሚያውቅ ዐይን ያስፈልጋል። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ጥናታቸው የጽሑፍና የቃል ማስረጃን አስተባብረው ያሳዩት መንገድ ለደቡቡም አርአያ ይሆናል።

ስለዚህ ኢማሙ ከጀመዓው ሽማግሌዎችንና እናቶችን ያገናኝ፤ የመድረሳው መምህር ኪታቡን ያንብብ፤ ተመራማሪው ይቅረጽ፣ ይመርምር፣ ከማሳተሙም በፊት የጻፈውን ለነገሩት ሰዎች አንብቦ ያሰማ። አዝ-ዘይለዒ ካይሮ ድረስ ሄደው ጠያቂ አገኙ። የሶዶ አዛውንት ጠያቂያቸውን በከተማቸው ሊያገኙት ይገባል፤ ያውም በሕይወት ሳሉ።