የመንዝ በር ለምን ዝቅ አለ

የመንዝ ቤት ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። ለጣሪያው ቀጫጭን እንጨት ይበቃዋል፤ ሳንቃ የሚጠይቀው በሩ ብቻ ነው። ወደ 3,000 ሜትር ከፍታና ከዚያም በላይ በተዘረጋው በዚህ ደጋ ደግሞ ለሳንቃ የሚደርስ ግንድ ከቤተ ክርስቲያን አጸድ ውጭ እምብዛም አይገኝም። ሣሩ እንኳ ብርቅ ነበር፤ የጓሳ መሬት ቀሮ በሚባል ሥርዓት፣ አባ ቀራ በሚባል አለቃ እየተጠበቀ ለዓመታት ይዘጋና ሲፈቀድ ብቻ ይታጨድ ነበር፤ ሥርዓቱን ያፈረሰው የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው። ሣር እንዲህ በቆጠራ ከተያዘ ወፍራም ግንድ የባሰ ብርቅ ነበር፤ ስለዚህ የበሩን መጠንና ቅርጽ የወሰነው ከባለቤቱ ምርጫ ይልቅ የግንዱ ውፍረትና የጠራቢው መሣሪያ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

መጋዝ ወደ ገጠር ሳይገባ ሳንቃ የሚወጣው በመጥረቢያ ነበር። ግንዱ በሽብልቅ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ግማሽ ከጀርባው እየተጠረበ ይሳሳል። አንድ ትልቅ ጥድ ሁለት ሳንቃ ቢሰጥ ነው፤ የቀረው ፍልጥና ፍቅፋቂ ይሆናል። የብረት ማጠፊያ በሌለበት በሳንቃው በአንዱ ጠርዝ ከላይና ከታች ጉጥ ይተውለታል፤ ጉጡ ከላይ በጉበኑ፣ ከታች በደፉ ቀዳዳ ገብቶ ይዞራል። ጉጡ ከሳንቃው ያልተለየ አንድ አካል ነውና መጥረቢያው አንዴ ከሳተ የብዙ ቀን ድካም ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የሚሰነጠቅ፣ ሲደርቅ የማይጣመም እንጨት ግድ ነው፤ ለደጋው ይህ ጥድ ነበር። ወደ ጀማና ወንጪት ሸለቆ በሚወርደው መርሐቤቴ ሙቀቱ ምስጥ ያበዛል፤ በዚያ ዋንዛ ለሳንቃ፣ ወይራ ለመቃን ይውላል።

በሩ ዝቅ ያለው ለብርዱ ነው፣ ጠላትም ጎንበስ ብሎ እንዲገባ ነው የሚል ይኖራል። ብርዱን አልክድም፤ የሱፍ ባና ያስለበሰ ብርድ ነው። ነገር ግን በዚያው ብርድ፣ በዚያው ነፋስ የቆመው ቤተ ክርስቲያን ሰፊና ረጅም ደጅ አለው። ልዩነቱ የመጣው አጸዱ ጥድና ወይራ ስላለው፣ ጉልበቱም የደብሩ ሁሉ ስለሆነ ነው። ገበሬው አንድ ሳንቃ ካገኘ የሳንቃው ስፋትና ቁመት የበሩ ስፋትና ቁመት ሆነ።

በ1880ዎቹ ዓ.ም. በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የምሰሶና የማገር ችግርን አቃለለ። ለበር ግን አልሆነም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ከዚያ ላሜራ መጣ። ላሜራ ሌባ አይሰብረውም፣ ምስጥ አይበላውም፣ ብየዳውም በአንድ ቀን ያልቃል ቢባል እውነት ነው፤ መርሐቤቴ ቆላ ላይ ብሆን እኔም እሱን እመርጣለሁ። መንዝ ላይ ግን ስስ ብረት ቅዝቃዜውን ሳይቀንስ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ማለዳም ከውስጥ በኩል ላብ ያወጣል። ወፍራም የጥድ ሳንቃ ይህን አያደርግም። ጥድ ከየት ይመጣል ለሚለኝ መልሱ ቀላል አይደለም፤ የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ጥድን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ዋንዛን በመንግሥትና በክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፣ መከልከሉም ተገቢ ነበር። የሚቀረው በየጓሮው የሚተከለው ችግኝ ነው፤ እሱ ለሳንቃ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ በላሜራው ጀርባ ጣውላ መለበድ ለደጋው ቤት ከሁሉ የሚቀርብ መላ ነው።